ሳፋ ያስያዙኝ እናት

ይሄን ጽሁፍ ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለ ትህትና መጻፍ ይከብዳል፣ አፍ ላይ ቀላል ሆኖ እጅ ላይ ሲደርስ የሚከብድ ነገር ነው። ግን አንድ ቅዳሜ ያየሁት ነገር አመታት አልፈውም ከውስጤ አልወጣ አለ፣ ስለዚህ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

የቤተክርስቲያን ወጣቶች ሆነን ሆስፒታል ሄደን ነበር፣ የታመመ ልንጠይቅ። ሁላችንም አንድ አይነት ቲሸርት ለብሰናል፣ ጀርባው ላይ «ለማገልገል» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። የኔ ድርሻ ፎቶ ማንሳትና የግሩፓችን ፔጅ ላይ መለጠፍ ነበር። ስራዬን እወደው ነበር፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይቼ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙበትን ሰአት ጠብቄ፣ ሰው ሲያየው ሆዱ የሚባባበትን ፎቶ ማንሳት እችልበታለሁ። የወንዶች ክፍል ገብተን ከአልጋ አልጋ እየዞርን እየጸለይን ጥግ ላይ ያለው አልጋ ጋ ስንደርስ በጣም የከሱ አንድ አባት ተኝተዋል። ስልኬን ከፍ ሳደርገው አዩኝና ፊታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዛች ሰከንድ ስልኩን ማውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «አባባ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ።» በጨዋ አንደበት ነው ያልኩት ደግሞ፣ ድምጼን ዝቅ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ። ዞሩልኝ። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት ለሳምንታት አልጋ ላይ የከረመ ሰው፣ አስር ወጣት ከላዩ ቆሞ እያየው ምን ብሎ እምቢ ይላል? አነሳኋቸው። በዛ ወር ከለጠፍናቸው ፎቶዎች ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነበር። ኮመንቱ በሙሉ «ተባረኩ»፣ «እውነተኛ አገልጋዮች ማለት እናንተ ናችሁ» ምናምን የሚል ነበር።

ያን ፎቶ ካነሳሁ አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ከጎናቸው ካለው አልጋ ግርጌ አንዲት እናት ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁ። ስድሳን ያለፉ ይመስለኛል። የታማሚው ባለቤት ወይ እህት መሰሉኝ። እግራቸው ስር ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ አለ፣ ጉልበታቸው ላይ ፎጣ አንጥፈዋል። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ስራ ካልያዝክ እስቲ ይቺን ሳፋ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ፣ እሳቸው እግራቸውን ማውረድ አይችሉም» አሉኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩትና ሳፋውን ያዝኩ።

የሰውየው እግር ለብዙ ጊዜ ማንም ያልነካው እግር ነበር። ጥፍሮቹ ወፍረው ቢጫ ሆነዋል፣ የአውራ ጣቱ ጎብጦ ወደ ስጋው መግባት ጀምሯል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ሽታም ነበረው፣ ለምን እደብቃለሁ፣ ፊቴን እንዳላዞር እየታገልኩ ነበር። እናትየው ግን ምንም አይቸኩሉም። ጥፍሩ እስኪለሰልስ ድረስ እግሩን ውሃው ውስጥ አቆዩት፣ እስከዛ ሰውየውን ስለ ስራቸው ይጠይቋቸዋል፣ ለካ አናጺ ነበሩ፣ የቱ እንጨት ለበር የቱ ለወንበር እንደሚሆን ማስረዳት ሲጀምሩ ድምጻቸው ራሱ ተቀየረ፣ ከታማሚ ድምጽ ወደ ባለሙያ ድምጽ። ከዛ እግራቸውን አውጥተው ፎጣው ላይ አሳረፉትና በጣቶቹ መሀል ሳይቀር አደረቁት፣ ጥፍሩን በትንሽ በትንሹ፣ ቀጥ አድርገው፣ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ሳይገቡበት ቆረጡት። ቅድም ከመጀመራቸው በፊት ነርሷን ጠርተው «ሲስተር፣ ስኳር አለባቸው እንዴ?» ሲሉ ሰምቼ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ኋላ ነገሩኝ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ቢቆረጥ ላይሰማው ይችላል፣ ትንሿ ቁስል ደግሞ አልድን ብላ እግር እስከማስቆረጥ ልትደርስ ትችላለች፣ ስለዚህ ስኳር ያለባቸውን እሳቸው አይነኩም፣ ለባለሙያ ነው የሚተዉት።

ስንጨርስ «ምናቸው ነዎት?» አልኳቸው።

«ምናቸውም አይደለሁ» አሉኝ፣ «አስታማሚ የሌለው ሰው ጥፍሩን ማን ይቆርጥለታል ብዬ ነው።»

ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከየትኛው ቤተክርስቲያን እንደሆኑ ብጠይቃቸው በአጭሩ መለሱልኝና ወሬውን ወደኔ አዞሩት፣ ምን እንደምሰራ ጠየቁኝ። ውሃውን ደፉ፣ ሳፋውን በሳሙና አጠቡና ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄዱ። እኔ ደግሞ ጀርባዬ ላይ «ለማገልገል» እንደተጻፈ ወደ ጓደኞቼ ተመለስኩ።

እና ከዛን ቀን ወዲህ አገልጋይ የሚለው ቃል ይከነክነኛል። አስተውላችሁ ከሆነ ቃሉ ማዕረግ ሆኗል፣ ከስም በፊት ይመጣል፣ «አገልጋይ እገሌ መጡ» ሲባል ሰው ከመቀመጫው ይነሳል፣ ፊት ያለው ወንበር ይለቀቃል፣ ቦርሳ የሚይዝ ሰው ይመደባል። ድያቆን የምንለው ቃል እኮ መሰረቱ ግሪክ ነው፣ ዲያኮኖስ፣ በዛን ዘመን ያ ቃል ሲጠራ ሰው የሚታየው ማዕድ የሚያቀርብ፣ የሚላላክ ሰው ነበር። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ እነ እስጢፋኖስ ሰባቱ የተመረጡት የመበለቶች የዕለት ምግብ ክፍፍል ላይ ቅሬታ ስለተነሳ ነው። መበለት እንዳትረሳ ነው የተሾሙት! ጌታም ማርቆስ 10 ላይ ታላቅ ሊሆን የሚወድ የእናንተ አገልጋይ ይሁን፣ ፊተኛ ሊሆን የሚወድ የሁሉ ባሪያ ይሁን ሲል የሰሙት ሰዎች ቃሉ ደስ ብሏቸው አይደለም የሰሙት፣ ባሪያ ማለት ምን እንደሆነ በየቀኑ በአይናቸው የሚያዩ ሰዎች ናቸው። እኛ አገልጋይ ተብለን ስንጠራ ደስ ይለናል፣ አንድ ሰው እንደ አገልጋይ ቆጥሮን ሳያመሰግነን ሲሄድ፣ ወይ «ና እስቲ ይሄን አንሳ» ሲለን ግን ፊታችን ይለዋወጣል። እኔ ራሴን የምፈትሽበት ቦታ እሱ ነው፣ ሰዎች አገልጋይ ሲሉኝ የሚሰማኝን ሳይሆን እንደ አገልጋይ ሲያደርጉኝ የሚሰማኝን ነው የማየው።

ደቀ መዛሙርቱም ከዚህ አላመለጡም፣ ይሄ ያጽናናኛል። ያዕቆብና ዮሐንስ በቀኝህና በግራህ አስቀምጠን ሲሉ አስሩ ተቆጡ ይላል፣ ለምን እንደተቆጡ ደግሞ መገመት አይከብድም፣ ወንበሩን ቀድመው ስለጠየቁባቸው ነው። ሉቃስ 22 ላይ ደግሞ በመጨረሻው እራት፣ እንጀራው ተቆርሶ ጽዋው ከተሰጠ በኋላ፣ ማን ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ እናገኛቸዋለን። እዛው ማዕድ ላይ! እና በዛች ሌሊት ነው ጌታ ከእራት ተነስቶ ልብሱን አኑሮ ማበሻ ጨርቅ የታጠቀው። እኔ ዮሐንስ 13ን ስንቴ አንብቤው ቁጥር 3ን ሁልጊዜ ዘልየው ነበር የማልፈው፣ አብ ሁሉን በእጁ እንደሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደወጣና ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድ አውቆ ነው የተነሳው። አውቆ! ሁሉ በእጁ ነው፣ ያ ሁሉን የያዘ እጅ ሄዶ የያዘው ነገር ግን የዓሣ አጥማጅ ተረከዝ ነው። የይሁዳም እግር እዛው ውስጥ አለ፣ ይሁዳ የወጣው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ትህትና ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ቀድሞውኑ ለተረገጠ ሰው ነው። ደሞዙ ለተከለከለ ሰራተኛ፣ ቤቷ ውስጥ ለምትደበደብ ሴት፣ ታላላቆች ለሚያመናጭቁት ልጅ፣ «ትሁት ሁን፣ ቻለው፣ ቻይው» ይባላል። ይሄ የጌታ ትህትና አይደለም። እሱ ፎጣውን ራሱ አነሳ እንጂ ደካማውን ጠርቶ አንተ ታጠቅ አላለም። በዛች ሌሊት እግር እንዲያጥቡ የተነገራቸው እነማን ናቸው? ማን ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ዝቅ በሉ የሚለው ትምህርት መጀመሪያ መድረስ ያለበት ማይክ የያዘው፣ ፊርማ ያለው፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ጋ ነው።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። ዘመኑ ቁስ ወዳድ ነው ስንል ብዙ ጊዜ ሀብታሞችን ነው የምናስበው፣ ትልቅ ቤት፣ መኪና ምናምን። እኔ ግን ቁስ ወዳድነት ከሁሉ በፊት መለኪያ ይመስለኛል፣ ሰውን ስናይ አይናችን ቀድሞ የት ነው የሚያርፈው? ጫማው ላይ ነው ወይስ ስልኩ ላይ? ምንም የሌለው ሰውም በዚህ መለኪያ ሊለካ ይችላል፣ ራሱንም ሌላውንም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በመልካም ስፍራ ተቀመጥ፣ ድሀውን ደግሞ አንተ ወደዚያ ቁም ብላችሁ እንደሆነ ብሎ የሚወቅሰው አህዛብን እኮ አይደለም፣ የምዕመናን ጉባኤ ውስጥ ነው ወንበሩ የሚታደለው።

ከዛ ደግሞ ሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጸጋ አለ። ሰውየው ሌባ ነበር አይልም፣ የሰው መሬት ቀማም አይልም፣ እርሻው እጅግ ፈራለት ነው የሚለው። ግን አማርኛውን ቀስ ብላችሁ ድምጽ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ፍሬዬን የማከማችበት፣ ጎተራዬን አፍርሼ፣ ፍሬዬንና በረከቴን፣ ነፍሴንም። ሁሉም ቃል መጨረሻው ላይ «የኔ» አለበት። የሚያወራውም ከራሱ ጋር ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ ብሎ ራሱን ይጠይቃል ራሱ ይመልሳል፣ በታሪኩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ሰራተኛ የለም ጎረቤት የለም። እግዚአብሔር ሲገባ ደግሞ የሚነካው የመጨረሻዋን «የኔ» ነው፣ በዚች ሌሊት ነፍስህን ከአንተ ሊወስዷት ይፈልጓታል።

በዚህ ምሳሌ ላይ ከሰበኩት ውስጥ ባስልዮስን የሚያክል ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ368 አካባቢ በዛሬዋ ቱርክ፣ ቀጰዶቅያ ውስጥ ድርቅ ገብቶ ህዝቡ ሲራብ እህል ያላቸው ሰዎች ዋጋ እስኪጨምር ጎተራቸውን ዘግተው ይጠብቁ ነበር፣ ባስልዮስ ገና ቄስ እንጂ ጳጳስ አልነበረም፣ የደበቅከው እንጀራ የተራበው ነው፣ ሳጥንህ ውስጥ የቆለፍክበት ልብስ የታረዘው ነው ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። ግን ከስብከቱ ይልቅ እኔን የሚነካኝ ጓደኛው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስለሱ የተናገረው ነው፣ የተራቡትን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ከሚቻልበት ሁሉ ምግብ አሰባስቦ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ጌታ እየመሰለ ራሱ ቆሞ ያስተናግድ ነበር ይላል። ባስልዮስ ከባለጸጋ ቤት የተወለደ፣ አቴና ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ነው። በኋላም ጳጳስ ሲሆን ከቂሳርያ ከተማ ወጣ ብሎ ድሆችና ህመምተኞች የሚረዱበት ትልቅ ቦታ አሰራ፣ ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ደግሞ እየሳመ ሰላም ይላቸው ነበር። ከዛ ጥቂት አመታት በፊት፣ ከ361 እስከ 363 የነገሰው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ክርስትናን አዳክሞ የድሮውን የአማልክት አምልኮ ሊመልስ ሲታገል፣ ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ያማረረበት ነገር ይሄው ነበር፣ እነዚህ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን ነው እንዲህ የሚላቸው) የራሳቸውን ድሆች አልፈው የኛንም ይረዳሉ፣ እኛ ግን የራሳችንን መርዳት አቃተን የሚል። ተቃዋሚያቸው ከክርክራቸው ይልቅ እጃቸውን ነው የፈራው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልግባ። የባለጸጋው «የኔ» ጎተራ ላይ ብቻ አልቀረም፣ አገልግሎት ውስጥ ገብቷል። አገልግሎቴ፣ ራዕዬ፣ ጥሪዬ፣ ተከታዮቼ፣ ቻናሌ። ስንናገር አይታወቀንም፣ እኔም ስንቴ ብያለሁ። አንድ ሰው በኛ ፈንታ ያንኑ ስራ በደንብ ሲሰራው ውስጣችን ቅር የሚለው ለምንድነው? ስራው ቢሰራልን ደስ ሊለን አይገባም ነበር? ቅር የሚለን እንደ ንብረት ስለያዝነው ነው። ላይክም ገንዘብ ነው በዚህ አይነት፣ ጎተራው ስክሪን ላይ ስለሆነ ነው የማይመስለን። ጌታ ማቴዎስ 6 ላይ ስትመጸውት መለከት አታስነፋ ሲል፣ እንደዛ የሚያደርጉት ዋጋቸውን ተቀብለዋል ነው ያለው፣ ማለትም ተከፍሏቸዋል፣ ሂሳቡ ተዘግቷል። ያን የሆስፒታል ፎቶ ሳስብ እኔ ነኝ የተከፈለኝ፣ የተከፈለኝ ደግሞ ፊታቸውን ካዞሩት አባት ላይ ተወስዶ ነው። እሳቸው የነበራቸው አንድ ነገር ነው፣ ፊታቸውን የማዞር መብት፣ እሷንም በጨዋ ቃል ወሰድኩባቸው።

አንዳንድ ሰው «መልካም ስራ ካልታየ ሌላው እንዴት ይነሳሳል፣ ብርሃናችሁ ይብራ ይላል እኮ» ይላል። ልክ ነው፣ ይላል፣ እርዳታ ለማሰባሰብም የተሰራውን ማሳየት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እሱን አልከራከርም። ግን ብርሃን ሌላውን ነገር ነው የሚያሳየው፣ ራሱን እዩኝ አይልም። እና አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ፣ በፎቶው ላይ ያለው ሰው አንተ ብትሆን፣ ወይም እናትህ ብትሆን፣ በዛ ልብስ በዛ አልጋ ላይ፣ ትለጥፈው ነበር?

ስለ ስም ሳስብ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ትዝ ይለኛል፣ የንዕማን ታሪክ። ንዕማን የሶርያ ሰራዊት አለቃ ነው፣ ለምጽ አለበት። ታሪኩን የሚያስጀምረው ማነው? ተማርካ ሚስቱን የምታገለግል አንዲት ታናሽ ብላቴና። ስሟ አልተጻፈም። ከቤቷ ያፈናቀላትን ሰራዊት አለቃ መዳን ተመኘችለት፣ ይሄ ራሱ ስብከት ነው። ከዛ ንዕማን 10 መክሊት ብር፣ 6000 ወርቅ፣ 10 መለወጫ ልብስ ይዞ ይሄዳል፣ ኤልሳዕ ወጥቶ እንኳን አላየውም፣ መልእክተኛ ልኮ ሂድና በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ አለው፣ ሰውየው ተቆጣ፣ ወጥቶ ይቆማል፣ የአምላኩን ስም ይጠራል፣ እጁን በቁስሌ ላይ ያደርጋል ብዬ ነበር አለ፣ ክብሩን የሚመጥን ሥነ ሥርዓት ነበር የጠበቀው። ከቁጣው ያበረዱት ደግሞ ባሪያዎቹ ናቸው፣ «አባት ሆይ፣ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢነግርህ ኖሮ አታደርገውም ነበር?» ብለው። የነሱም ስም የለም። በአገልጋይነቱ ስሙ የተጻፈው ግያዝ ነው፣ የነቢዩ የቅርብ ሰው፣ ነቢዩ አልቀበልም ያለውን ብርና ልብስ በውሸት ሮጦ የተቀበለው፣ መጨረሻውም የንዕማን ለምጽ። ይሄን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ዋናዎቹ ንዕማንና ኤልሳዕ ነበሩ፣ ሳፋውን ከያዝኩ በኋላ ግን አይኔ ብላቴናይቱ ላይ ቀረ። ያለሷ ቃል ንዕማን የትም አይሄድም ነበር፣ ከዳነ በኋላ ሄዶ አመስግኗት ይሆን? አልተጻፈም።

ይሄን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ደግሞ ምን ሆንኩ መሰላችሁ፣ ሌሎቹን መናቅ ጀመርኩ። ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ባየሁ ቁጥር በሆዴ እፈርዳለሁ፣ ይሄ ግብዝ እላለሁ፣ ሰው ቲሸርት ለብሶ ባየሁ ቁጥር ያቺ እናት ትዝ እያሉኝ ከሰውየው የተሻልኩ ይመስለኛል። ሉቃስ 18 ላይ ያለውን ፈሪሳዊ ጸሎት ገልብጬ መጸለይ ጀመርኩ ማለት ነው፣ እንደዚህ ፈሪሳዊ ስላላደረግከኝ አመሰግንሃለሁ እያልኩ። ያነቃኝ የአባ ሙሴ ጸሊም ታሪክ ነው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የነበረው፣ ድሮ ወንበዴ የነበረው። አንድ ወንድም አጥፍቶ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴን ና አሉት፣ እምቢ አለ፣ ሰው ሲልኩበት የሚያፈስ እንስራ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ይሄ ምንድነው ሲሉት ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ጥፋት ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድምየውን ይቅር አሉት። ያቺ እናት እኮ እኔን አልገሰጹኝም። ፎቶውን ሳነሳ አይተውኛል፣ አጠገቤ ነበሩ፣ ሁሉን ሰምተዋል። አንድ ቃል አልተናገሩኝም፣ ያደረጉት ነገር ቢኖር እጄ ላይ ሌላ ነገር ማስያዝ ነው።

ስለ ጴጥሮስም ትንሽ ልበል። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ያለው ነገር ትህትና ይመስላል፣ ግን ጌታ ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም ነው ያለው። ይሄን የተረዳሁት እኔ ራሴ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ስውል ነው። ታናሽ ወንድሜ ነበር የሚያጥበኝ። በኔ አስተያየት ኃላፊነት የማይሰማው፣ ሁሌ የምመክረው ልጅ። መጀመሪያ ቀን «ተወው እኔ እታጠባለሁ» አልኩት፣ እጄ እንኳን አይነሳም። ምን ያህል ጊዜ ሰውን ስረዳ ከላይ ሆኜ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፣ መስጠቱን እንጂ መቀበሉን አልችልበትም። ሁልጊዜ ሰጪ መሆን የሚፈልግ ሰው ሌላውን ሁልጊዜ ባለዕዳ አድርጎ ማስቀረት ነው የሚፈልገው። ወንድሜ ግን ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ጀርባዬን እያሸ ስለ ኳስ ያወራኛል።

ሀብት በራሱ ኃጢአት ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ። ሉቃስ 8 ላይ በገንዘባቸው ጌታን ያገለግሉ የነበሩ ሴቶች አሉ፣ የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጸጋ ነበር፣ ልድያ ሐምራዊ ሐር ሻጭ ነበረች። ጣቢታ ደግሞ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ ምን አሳዩት? የሰፋችላቸውን ልብስ ነው፣ እያለቀሱ፣ እያነሱ እያሳዩት። ልብስ ቁስ አይደል? ግን ከእጇ ወጥቶ ሰው ላይ ያረፈ ቁስ ነው።

ፎቶውን ከፔጁ ላይ አጠፋሁት። ግሩፑ ውስጥ ለምን አጠፋህ ብለው የተናደዱ ነበሩ፣ ምክንያቴን ነግሬያቸው አንዳንዶቹ ገባቸው አንዳንዶቹ አልገባቸውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ፣ ያለ ቲሸርት፣ እኚያን አባት ይቅርታ ልጠይቅ። ጥጉ ላይ ያለው አልጋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነርሷን ስጠይቃት ሐሙስ እለት አረፉ አለችኝ። ማን መጥቶ እንደወሰዳቸው ስጠይቃት እሷ ተረኛ እንዳልነበረች ነገረችኝ። አልጋው አጠገብ ምን ያህል እንደቆምኩ አላስታውስም። ስማቸውን እንኳን አላውቅም፣ ያን ሁሉ ላይክ ሰብስቤ ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

እኚያ እናት በዛኛው ጥግ ነበሩ፣ አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝ። ሁለተኛ ሳፋ አልጋ ስር እንዳለ አሳዩኝ፣ ፎጣም ሰጡኝ። ሙቅ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ሄጄ ቀዳሁ፣ በክርኔ ለካሁት፣ እንዳሳዩኝ። ተመልሼ ጥጉ ላይ ወዳለው አልጋ ሄድኩና ለተኙት ሰውዬ ስሜን ነገርኳቸው፣ ስማቸውን ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። ከዛ ነርሷ በአጠገባችን ስታልፍ ጠራኋት፣

«ሲስተር፣ ስኳር አለባቸው እንዴ?»